ቤቱ ረከሰ፣ መንገዱ ተወደደ

ቅዳሜ ምሽት ነው። ከዋሽንግተን ዲሲ ወደ ደቡብ በሚወስደው 95 ቁጥር ሃይዌይ ላይ መኪናው ተደርድሮ እንደ ኤሊ ይሳባል። ከመኪኖቹ በአንዱ ውስጥ ድፎ ዳቦ በነጠላ ተጠቅልሎ ኋላ ወንበር ላይ ተቀምጧል። ጉዞው ወደ ዉድብሪጅ፣ ጥሪው የቤት ምረቃ ነው። ለአንድ ሰዓት የተጠራው እንግዳ ሁለት ተኩል ላይ ይደርሳል፤ ሲገባም የመጀመሪያ ቃሉ «እንኳን ደስ ያላችሁ» መሆኑ ቀርቶ «አይ ይሄ መንገድ!» ይሆናል።

ቤቱ ያምራል። አራት መኝታ ክፍል፣ ሁለት መኪና የሚይዝ ጋራዥ፣ ሰፊ ቤዝመንት፣ ልጆች የሚቦርቁበት ጓሮ አለው። ሽማግሌ ተነሥቶ ይመርቃል፤ «ቤቱን የሰላምና የበረከት ያድርግላችሁ» ይላል፤ ሁሉም «አሜን» ይላል። ደግ ነው፤ ይገባቸዋል። ባል ሌሊት ታክሲ ሲነዳ፣ ሚስት ቀን በሆስፒታል ማታ በፓርኪንግ ስትሠራ ያለፉት ዓመታት ሁሉ ለዚህች ቀን ነበሩ። ታዲያ በዚያ ሁሉ ደስታ መካከል ማንም የማያነሣው ነገር አለ። ይኸውም ባንክ ፊት ከተፈረመው ውል ውጭ የሆነ፣ ማንም ያልፈረመበት፣ ግን በየወሩ የሚከፈል ሌላ ዕዳ መኖሩ ነው።

የዚህ ዕዳ ምንጭ የከተማ መንሰራፋት ይባላል። ከተማ በያዘው መሬት ላይ ተጠጋግቶ ከማደግ ይልቅ እንደ ፈሰሰ ውሃ ወደ ጎን ሲዘረጋ፣ መኖሪያው ከሥራው፣ ሱቁ ከትምህርት ቤቱ ተራርቆ ያለ መኪና የትም መድረስ ሲያቅት ማለት ነው። ይህ ዕዳ በዶላርም፣ በሰዓትም፣ በጭስም ሊለካ ይችላል። ተለክቶም ያውቃል። የሚያሳዝነው ቤት ገዢው ልኬቱን የሚሰማው ከገዛ በኋላ መሆኑ ነው።

ሐበሻው ከከተማው ጋር ሲዘረጋ

(ዓመታቱ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።) በ1980ዎቹ የዲሲ ሐበሻ መናኸሪያ አዳምስ ሞርጋን ነበር። 18ኛው መንገድ ላይ ምግብ ቤቱም ወዳጅ ዘመዱም በእግር ይገኝ ነበር። ቀጥሎ ዩ ስትሪትና 9ኛው መንገድ ደራ። ኪራዩ እየናረ ሲሄድ ሰዉ ወደ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ወደ አሌክሳንድሪያ፣ ወደ ፎልስ ቸርች ወጣ። ከዚያም አልፎ ዉድብሪጅ፣ ማናሳስ፣ ጀርመንታውንና ላውደን ደረሰ። ሐበሻው ብቻውን አልሄደም፤ የተዘረጋው መላው አካባቢ ነው። የቨርጂኒያው ላውደን ካውንቲ በ1980 57 ሺህ ያህል ሕዝብ የነበረበት የገበሬ አገር ነበር፤ በ2020 ቆጠራ ወደ 421 ሺህ ደርሷል። ፕሪንስ ዊልያም ካውንቲም በ2000 281 ሺህ የነበረው ከሃያ ዓመት በኋላ 482 ሺህ ሆኗል።

ይህ እንዲሁ በአጋጣሚ የመጣ አይደለም። የ1956ቱ የሃይዌይ ሕግ በከተሞች መካከል ለሚዘረጉት ታላላቅ መንገዶች ከወጪው 90 በመቶውን የፌዴራል መንግሥት እንዲችል አደረገ። የግብር ሕጉ የቤት ብድር ወለድን ከግብር አስቀነሰ። የየካውንቲው የመሬት አጠቃቀም ሕግም ሰፊውን መሬት በአንድ ቦታ ላይ አንድ ቤት ብቻ እንዲሠራበት ወሰነ፤ በዚያ መሬት ላይ ስድስት ቤተሰብ የሚያኖር ትንሽ ሕንጻ ማቆም ክልክል ሆነ። ስለዚህ በቅርብ ያለው ቤት አነሰና ተወደደ፤ ባንክ የሚፈቅደው ቤት በሩቅ ቀረ። የቤት ደላሎች ዘንድ የታወቀ አባባል አለ፤ ትርጉሙ «ብድር እስኪፈቀድልህ ድረስ ንዳ» ነው። ሐበሻውም ነዳ።

በውሉ ላይ ያልሰፈረው ክፍያ

የአሜሪካው ግብር ሰብሳቢ መሥሪያ ቤት፣ አይ.አር.ኤስ፣ ለሥራ የተነዳ መኪናን ወጪ ለማስላት በ2025 የወሰነው ዋጋ በማይል 70 ሳንቲም ነበር። ይህ ነዳጁን ብቻ ሳይሆን ጎማውን፣ ጥገናውን፣ ኢንሹራንሱንና የመኪናውን ማርጀት ጭምር የያዘ ነው። እንግዲህ ሥራው ዲሲ የሆነ ሰው ቤቱን 25 ማይል አርቆ ሲገዛ በደርሶ መልስ በቀን 50 ማይል ይጨምራል። በዓመት 240 የሥራ ቀን ቢባል 12 ሺህ ማይል ነው። በ70 ሳንቲም ሲባዛ በዓመት 8,400 ዶላር፣ በወር 700 ዶላር ይመጣል። ባልና ሚስት በየፊናቸው የሚነዱ ከሆነ በወር 1,400 ዶላር ነው።

በሌላ በኩል በ7 በመቶ ወለድ ለ30 ዓመት የተወሰደ የ100 ሺህ ዶላር ብድር ወርሃዊ ክፍያው 665 ዶላር ያህል ነው። ስለዚህ ያ ሩቅ ቤት ከቅርቡ በ100 ሺህ ዶላር ቢረክስ እንኳ የአንዱ ሰው መንገድ ብቻ ቅናሹን በልቶ ይጨርሰዋል። ሁለተኛው ሰው የሚነዳው በኪሳራ ነው። ሌላም ልዩነት አለ። ለቤት የተከፈለ ገንዘብ ቀስ በቀስም ቢሆን የባለቤቱ ሀብት ይሆናል፤ በጭስ ማውጫ የወጣ ገንዘብ ግን አይመለስም። ቤት ከርሞ ዋጋው ሊጨምር ይችላል፤ መኪና ግን በከረመ ቁጥር ይረክሳል።

«መኪናማ የትም ቢኖሩ አይቀርም» የሚል ይኖራል። እውነትነት አለው፤ ከወጪው ከፊሉ ከተማ ውስጥም ይከፈላል። ከ70 ሳንቲሙ ግማሹ ብቻ ቢቆጠር እንኳ ሁለት ሰው የሚነዳበት ቤት በወር 700 ዶላር መንገድ ላይ ያፈሳል። ትልቁ ልዩነት ደግሞ በመኪናው ቁጥር ላይ ነው። ትሪፕል ኤ የተባለው የመኪና ነጂዎች ማኅበር በ2024 ባወጣው ስሌት አንድ አዲስ መኪና መያዝና መንዳት በዓመት 12,297 ዶላር ያስወጣል። ሜትሮ አጠገብ የሚኖር ቤተሰብ በአንድ መኪና ሊዘልቅ ይችላል፤ ሩቅ ያለው ሁለት፣ ልጁ መንጃ ፈቃድ ሲያወጣ ሦስት ያስፈልገዋል።

ገንዘብ ይተካል፤ ጊዜ አይተካም። በቀን ሁለት ሰዓት ተጨማሪ መንገድ በ240 ቀን 480 ሰዓት ይሆናል። ይህ በሳምንት 40 ሰዓት ለሚሠራ ሰው የ12 ሳምንት ሥራ ነው፤ ያውም ደመወዝ የሌለው። ልጁ ሳይነሣ የወጣ አባት ልጁ ከተኛ በኋላ ይመለሳል። በየስብሰባው «ልጆቹ አማርኛ አልቻሉም» እየተባለ ይለቀሳል። ቋንቋ የሚወረሰው ማዕድ ዙሪያ ተቀምጦ ሲያወሩ ነው፤ የማዕዱን ሰዓት ግን ሃይዌዩ ወስዶታል።

ለዚህ ነው ቺካጎ የሚገኘው ሴንተር ፎር ኔበርሁድ ቴክኖሎጂ በ2006 አዲስ መለኪያ ይዞ የቀረበው። በቀድሞው ልማድ የቤት ወጪ ከገቢ 30 በመቶ ካልበለጠ ቤቱ ከአቅም ጋር ይስማማል ይባላል። ድርጅቱ ግን ቤትና መጓጓዣ በአንድ ሚዛን ይቀመጡ፤ ሁለቱ ተደምረው ከገቢ 45 በመቶ አይለፉ አለ። በዚህ ሚዛን ሲታይ «ርካሽ» የተባለ ብዙ ሰፈር ውድ ሆኖ ይገኛል።

ቀሪውን ሒሳብ ማን ይከፍላል?

እስካሁን የተቆጠረው ቤት ገዢው ራሱ የሚከፍለው ነው። ሌላው የሚከፍለውስ? የውሃና የፍሳሽ ቧንቧ የሚዘረጋው በርዝመት ነው። በአንድ መንገድ ግራና ቀኝ 40 ቤት ካለ ወጪው ለ40 ይካፈላል፤ 8 ቤት ብቻ ካለ ለ8። የትምህርት ቤት አውቶቡሱ፣ አምቡላንሱ፣ የእሳት አደጋ መኪናው፣ በረዶ ጠራጊውም እንዲሁ ነው። ሰፈሩ አዲስ ሲሆን መንገዱንና ቧንቧውን ብዙ ጊዜ የሚሠራው ሠርቶ ሻጩ ኩባንያ ስለሆነ ነገሩ በነጻ የተገኘ ይመስላል። ከ30 እና ከ40 ዓመት በኋላ ቧንቧው ሲያረጅ ግን ኩባንያው የለም፤ ዕዳው የሕዝብ ነው።

ይህን ለመለካት መሞከር የተጀመረው ዛሬ አይደለም። በ1974 ሪል እስቴት ሪሰርች ኮርፖሬሽን የተባለ ድርጅት ለፌዴራል መሥሪያ ቤቶች ባጠናው ጥናት እያንዳንዳቸው 10 ሺህ ቤት ያላቸውን የተለያዩ ሰፈሮች በሐሳብ ቀርጾ አነጻጸረ። በፕላን ተቀራርቦ የተሠራው ሰፈር በመሬትም፣ በመንገድና በቧንቧም፣ በኃይል ፍጆታም ርካሽ ሆኖ ተገኘ። ተቺዎች ዝም አላሉም። የተነጻጸሩት ቤቶች ስፋታቸው እኩል አይደለም፣ አፓርታማን ከትልቅ ቤት ጋር አወዳድሮ ርካሽ ነው ማለት ሚዛን ማዛባት ነው አሉ። ትችቱ ተገቢ ነበር፤ ቀጥለው የመጡት ጥናቶችም ጠንቀቅ አሉ።

የራትገርስ ዩኒቨርሲቲው ሮበርት በርቸልና ባልደረቦቹ በ2002 ባወጡት ጥናት አሜሪካ ከ2000 እስከ 2025 ያለውን ዕድገቷን ሰብሰብ ብታደርገው በመንገድ ብቻ ወደ 110 ቢሊዮን ዶላር፣ በውሃና በፍሳሽ ከ12 ቢሊዮን በላይ ታተርፋለች ብለው ገመቱ። በ2015 ደግሞ ካናዳ የሚገኘው የቪክቶሪያ ትራንስፖርት ፖሊሲ ኢንስቲትዩት ባልደረባ ቶድ ሊትማን የመንሰራፋትን ዋጋ ለአሜሪካ በዓመት ከ1 ትሪሊዮን ዶላር በላይ አደረሰው። ከዚህ ውስጥ 625 ቢሊዮን የሚሆነውን የሚከፍሉት በተንሰራፋው ሰፈር የሚኖሩት ራሳቸው ናቸው። ከ400 ቢሊዮን በላይ የሚሆነውን ግን የሚከፍለው ሌላው ሰው ነው። ይህ ሌላው ሰው ማን ነው? መኪና የሌላት፣ በአውቶቡስ ተሳፍራ ሌሊት ቢሮ የምታጸዳ ሴት ጭምር ናት። ባልነዳችው መንገድ ታዋጣለች፤ ያላመጣችውን ጭስ ትተነፍሳለች።

አትላንታ ያለ አንባቢ ደግሞ ይህን ይመልከት። አለን ቤርቶ የተባለው የከተማ ፕላን ሊቅ ሁለት ከተሞችን በ1990 በነበሩበት መጠን አነጻጽሮ ነበር። ባርሴሎና 2.8 ሚሊዮን ሕዝቧን በ162 ካሬ ኪሎ ሜትር ስታሳድር፣ አትላንታ 2.5 ሚሊዮኑን በ4,280 ካሬ ኪሎ ሜትር ላይ በትናው ነበር። እንዲህ በተበተነ ከተማ ለሁሉም በእግር የሚደረስ የባቡር ጣቢያ ልሥራ ቢባል የትኛው ካዝና ይችለዋል?

ዝናቡም ሒሳብ አለው

በአንድ ኤከር መሬት ላይ አንድ ኢንች ዝናብ ሲጥል 27 ሺህ ጋሎን ያህል ውሃ ነው። ጫካና እርሻ ላይ ከወረደ አብዛኛውን መሬት ይመጠዋል። አስፋልትና የፓርኪንግ ቦታ ላይ ከወረደ ግን የመኪናውን ዘይት፣ የክረምቱን ጨው፣ የሣሩን ማዳበሪያ አጥቦ ወደ ወንዝ ይወርዳል፤ መጨረሻውም የቼሳፒክ ባሕረ ሰላጤ ነው። ወደዚያ ባሕረ ሰላጤ የሚፈሰው ውሃ የሚሰበሰብበት ምድር 64 ሺህ ካሬ ማይል፣ ከስድስት ስቴቶችና ከዲሲ የተውጣጣ ነው። የእርሻና የፍሳሽ ማጣሪያ ብክለት በብዙ ድካም ሲቀንስ፣ ከሚሰፋው ከተማ የሚመጣው የጎርፍ ብክለት ግን ለቁጥጥር አስቸጋሪ ሆኖ ቆይቷል።

ሜሪላንድ በ2012 ይህንን ወጪ በግልጽ ለማስከፈል ሕግ አወጣች። ትላልቆቹ ካውንቲዎችና ባልቲሞር ለጎርፍ ማጣሪያ የሚውል ክፍያ ከነዋሪው እንዲሰበስቡ አዘዘች። ተቃዋሚዎቹ «የዝናብ ግብር» ብለው ሳቁበት፤ ስሙ ተጣበቀ፤ በ2015 ግዴታው ተነሣ። ዝናብ ግን በሕግ አልቆመም። ክፍያው ከደረሰኝ ላይ ቢፋቅም ከወንዙ ላይ አልተፋቀም።

ጭሱም እንዲሁ ነው። የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤቱ፣ ኢ.ፒ.ኤ፣ እንደሚለው አንድ ተራ መኪና በማይል 400 ግራም ያህል ካርቦን ዳይኦክሳይድ ያወጣል። ከላይ በተቆጠረው 12 ሺህ ማይል ሲባዛ በዓመት 4.8 ቶን ነው። ይህ እንግዲህ ለሽርሽር ሳይሆን ቤት ሩቅ በመሆኑ ብቻ የሚወጣ ጭስ ነው።

ያልተለካው

ከሁሉ የከፋው ግን በየትኛውም ጥናት ገበታ ላይ ያልገባው ነው። ልጆቻቸውን ሊጠይቁ፣ የልጅ ልጅ ሊያሳድጉ ከአገር ቤት የመጡ እናት አሉ። በአገራቸው ሳሉ ማለዳ ቤተ ክርስቲያን ተሳልመው፣ ጎረቤት ቡና ጠጥተው፣ ለቅሶ ደርሰው፣ ገበያ ወጥተው ይመለሱ ነበር። እዚህ ግን መንጃ ፈቃድ የላቸውም፤ የእግረኛ መንገዱ ሰፈሩ በር ላይ ያልቃል፤ አውቶቡስ አይመጣም። ልጆቹ ሥራ ሲሄዱ በዚያ አራት መኝታ ክፍል ባለው ቤት ከመስኮት መስኮት ሲሉ ይውላሉ። «ልጄ፣ ቤትሽ መልካም ነው፤ ሰው ግን የለበትም» ይላሉ። ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይሻላል የሚለው ተረት የወጣው በከንቱ አይደለም።

እድሩም ያንኑ ይናገራል። ሰው ሲሞት ሐዘን መድረስ የሐበሻ ወጉ ነው። ግን ለቀስተኛው አንዱ ከማናሳስ፣ አንዱ ከጀርመንታውን፣ አንዱ ከዉድብሪጅ ሲመጣ የሦስት ቀኑ ለቅሶ ወደ አንድ ምሽት፣ አንዱ ምሽት ወደ ስልክ ጥሪ ያጥራል። ማንም ክፉ ሆኖ አይደለም፤ መንገዱ ነው።

ሌላውም ወገን ይሰማ

መንሰራፋትን የሚደግፉ ምሁራን አሉ። የደቡብ ካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲዎቹ ፒተር ጎርደንና ሃሪ ሪቻርድሰን በ1997 ባወጡት ጽሑፍ ሰው ሰፊ ቤትና ጓሮ የሚገዛው ወዶ ነው፤ ሥራውም ራሱ ወደ ዳርቻ እየወጣ ስለሆነ መንገዱ የሚባለውን ያህል አልረዘመም ብለው ተከራክረዋል። ነገሩ ፍጹም ሐሰት አይደለም። ዱለስ አውሮፕላን ማረፊያ የሚሠራ ሰው ላውደን ቢኖር ለእርሱ ቅርቡ እርሱ ነው። ልጆችን ለማሳደግ ጓሮ መፈለግም ኃጢአት አይደለም።

ዳሩ ግን «ወዶ ነው» የሚለው ቃል ሚዛን ይጎድለዋል። ሰው የሚመርጠው ከቀረበለት ነው። ሜትሮ አጠገብ መካከለኛ ዋጋ ያለው ቤት እንዳይሠራ ሕግ ከልክሎ ሲያበቃ ሩቅ የሄደውን «ወደህ ነው» ማለት፣ አንድ ወጥ ብቻ አቅርቦ «ምርጫህ ነው» እንደማለት ነው። ስለዚህ ወቀሳው ዉድብሪጅ ቤት በገዛው ታክሲ ነጂ ላይ ሊወርድ አይገባም። እርሱ የቀረበለትን ነው ያነሣው።

ሌላ መንገድ እንዳለም ታይቷል። አርሊንግተን ካውንቲ የሜትሮው መስመር በሃይዌዩ መካከል ከሚሄድ በሰፈሩ ሥር እንዲያልፍ ጠይቆ፣ በ1979 ከሮስሊን ቀጥለው እስከ ቦልስተን ያሉት ጣቢያዎች ተከፍተው፣ በየጣቢያው ዙሪያ መኖሪያና ቢሮ ተጠጋግቶ ተሠራ። ሰዉ በዛ፤ የተፈራው የመኪና ጎርፍ ግን አልመጣም። ሞንትጎመሪ ካውንቲ በ1980 93 ሺህ ኤከር የእርሻ መሬት ከለለ፤ ዕድገቱንም ወደ ባቡርና ወደ ዋና መንገዶች መስመር መራ። ሜሪላንድ በገቨርነር ፓሪስ ግሌንደኒንግ ጊዜ፣ በ1997፣ የስቴቱ የመንገድና የፍሳሽ ገንዘብ ቀድሞ በተመረጡ የዕድገት ቦታዎች ላይ እንዲውል ሕግ አወጣ። ፍጹም አልሠራም፤ ግን «የሕዝብ ገንዘብ ወዴት ይፍሰስ?» የሚለውን ጥያቄ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠ።

ምን ይደረግ?

አንደኛ፣ ቤት ሊገዛ የተነሣ ቤተሰብ ደላላው ካቀረበው ወረቀት ጎን ሌላ ወረቀት ያስቀምጥ። በአንዱ በኩል ወርሃዊ የቤት ክፍያውን፣ ግብሩንና ኢንሹራንሱን፤ በሌላው ማይሉን፣ የመኪናውን ቁጥር፣ ቶሉንና ሰዓቱን ይጻፍ፤ ከዚያ ይደምር። ከመፈረሙም በፊት ሰኞ ጠዋት ከዚያ ቤት ተነሥቶ ሥራው ድረስ አንድ ጊዜ ይንዳ። እሑድ ቀን በባዶ መንገድ የታየ ቤት እውነቱን አይናገርም።

ሁለተኛ፣ ካውንቲው አዲስ ሰፈር ሲፈቅድ የ40 ዓመቱን የመንገድ፣ የቧንቧና የጎርፍ ወጪ አስልቶ ለሕዝብ ያሳይ፤ በጣቢያ አጠገብም አነስተኛ ሕንጻ መሥራትን ይፍቀድ። ይህ በየካውንቲው የሕዝብ አስተያየት መስሚያ ስብሰባ ላይ የሚወሰን ነው። በዚያ ስብሰባ የሚናገሩት በአብዛኛው ቤት ያላቸው፣ ጊዜም ያላቸው፣ «እዚህ ሰፈር አፓርታማ አይምጣብን» የሚሉ ናቸው። የአፓርታማው ፈላጊ ግን ያን ሰዓት ሥራ ላይ ነው። ሐበሻው ዜግነት ወስዶ፣ ግብር ከፍሎ፣ ድምፅ እያለው ከዚያ ወንበር መቅረቱ ዋጋ እያስከፈለው ነው። በየእድሩና በየማኅበሩ ሁለት ሰው ተወክሎ ቢሄድ ከብዙ ምሬት ይሻላል።

ሦስተኛ፣ ቤተ ክርስቲያንም መስጊድም የኮሚኒቲ ማዕከልም ቦታ ሲገዙ የመሬቱን ርካሽነት ብቻ አይዩ። አውቶቡስ የማይደርስበት ሕንጻ፣ መኪና የሌላቸውን አዛውንቶች በር ላይ የዘጋ ሕንጻ ነው።

ይኸው ሒሳብ አገር ቤት ቤት ለሚገዛውም ይሠራል። አዲስ አበባ በኮንዶሚኒየም ወደ ዳርቻ ስትሰፋ ነዋሪው በታክሲና በአውቶቡስ ሰልፍ፣ ገበሬው በመሬቱ ከፍሏል። ከተማዋን ከዙሪያዋ የኦሮሚያ ከተሞች ጋር ያያያዘው ማስተር ፕላን ከ2014 ጀምሮ ከባድ ተቃውሞ አስነሥቶ፣ የሰው ሕይወት ጠፍቶበት፣ በጥር 2016 ተትቷል። የመሬት ሒሳብ ሳይቆጠር ሲቀር እንዲህም ይከፈላል።

ቆጥ አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ይባላል። ሰፊ ቤት መመኘት ደግ ነው፤ ቤት የሚሠራው ግን ለሰው ነው። ከምርቃቱ በፊት ሒሳቡ ይቆጠር፤ ያን ጊዜ «ቤቱን የበረከት ያድርግላችሁ» የሚለው ምርቃት እውነትም ይደርሳል።